ሦስት ሰው፣ ሦስት ከተማ፣ አንድ ሕንፃ፦ የዲዛይን ፋይል በርቀት አብሮ ለመሥራት

እህቴ፣ አብሽሪ፤ የገጠመሽ ነገር መፍትሔ አለው። ጥያቄዋን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። አርክቴክት ናት፤ ኮምቦልቻ ተቀምጣ ደሴ ላይ የሚሠራ ጂ+4 የንግድና የመኖሪያ ሕንፃ እየነደፈች ነው። የስትራክቸሩ ኢንጂነር አዲስ አበባ ነው። ኤሌክትሪኩንና ሳኒተሪውን የያዘው ልጅ ደግሞ ወልድያ። እስካሁን በቴሌግራም ሲላላኩ የትኛው ፋይል የመጨረሻው እንደሆነ ጠፋባቸው። ስለዚህ የሬቪቱን (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራሙን) ሴንትራል ፋይል፣ ማለትም የሁሉም ሥራ የሚዋሃድበትን ዋና ፋይል፣ ጉግል ድራይቭ ላይ አድርገን ሦስታችንም እዚያው ብንሠራስ ትላለች።

አታድርጉት። ሦስት ፋይል ይኑራችሁ፤ እያንዳንዱም አንድ ባለቤት ይኑረው። ሌላው ሊንክ አድርጎ (ከራሱ ፋይል ጋር አገናኝቶ) ይየው እንጂ እጁን አያስገባበት። ደቦ ላይ እንኳ ሁሉም የየራሱን ማጭድ ይዞ ነው የሚመጣው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የሴንትራል ሞዴል አሠራር በመጀመሪያ የታሰበው በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ነው። ሁሉም የራሱን ሎካል ኮፒ ይዞ ይሠራል። አንድ ሰው ግድግዳ ሲነካ ሬቪት ወዲያው ሴንትራሉ ጋ ሄዶ «ይህ ግድግዳ ተይዟል» ብሎ ይመዘግባል። ምዝገባው የሚቀመጠው ከፋይሉ ጎን ባለው የባክአፕ ፎልደር ውስጥ ነው። ጉግል ድራይቭ ግን እንደ ቢሮ ሰርቨር አንድ ቦታ አይደለም። በየኮምፒውተራችሁ ለየብቻ ኮፒ እያስቀመጠ፣ በቻለው ሰዓት ለማመሳሰል ይሞክራል። አንቺ ኮምቦልቻ ሆነሽ ደረጃውን ስትይዢ፣ ወልድያ ያለው ኮምፒውተር ይህን የሚያውቀው ሁሉም ነገር ተጭኖ፣ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያ እሱም ያንኑ ደረጃ ይይዘዋል። ከዚያ ወይ የአንዳችሁ ሥራ በሌላው ይተካል፣ ወይ ሁለት «ሴንትራል» ይኖራችኋል። ሞዴሉና ባክአፕ ፎልደሩ እኩል ካልደረሱ ደግሞ ፋይሉ ራሱ ይበላሻል። ማመሳሰሉ ሳያልቅ መብራት ድርግም ሲል አስቢው።

በርቀት አንድ ሞዴል ላይ አብሮ ለመሥራት አውቶዴስክ ራሱ ያዘጋጀው አገልግሎት አለ፤ ቢም ኮላቦሬት ፕሮ ይባላል። አርኪካድ በሚባለው ሌላ የሞዴል ፕሮግራም ለሚሠሩም ቢምክላውድ አለ። ጥሩ ናቸው። ግን የአውቶዴስኩ ለእያንዳንዱ ሰው በዶላር የሚከፈል ደንበኝነትና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለሆስፒታል ወይም ለትልቅ ሆቴል ቢሆን ክፈሉ እላችሁ ነበር። ለሦስት ሰውና ለጂ+4 አስፈላጊ አይመስለኝም።

እና እንዴት ይሠራ? አንድ የጋራ ፎልደር ክፈቱ። በውስጡ አርክቴክቸር፣ ስትራክቸር፣ ኤምኢፒ (ኤሌክትሪኩና ሳኒተሪው) የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ይኑሩ። በየፎልደሩ ፋይል የሚያስቀምጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። የምትሠሪበት ፋይል ግን እዚያ አይቀመጥም፤ እሱ የራስሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። የደረሰውን ኮፒ ብቻ፣ በተስማማችሁበት ቀን፣ ወደ ጋራው ታወጪያለሽ። ሐሙስ ማታ ካላችሁ ሁሌም ሐሙስ ማታ ይሁን። አይኤስኦ 19650 የሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድም በሥራ ላይ ያለውን፣ ለሌሎች የተጋራውንና የጸደቀውን ለየብቻ አስቀምጡ ነው የሚለው።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጋራ ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይል ስሙ መቼም አይቀየርም። ቀንም፣ «ፋይናል» የሚል ቃልም አይጨመርበት። ሊንክ የሚከተለው ስምንና ቦታን ነው፤ ስሙ ከተቀየረ ኢንጂነሩ ሲከፍተው «አልተገኘም» ይለዋል። ቴሌግራም የሚያስቸግረውም በዚህ ነው። ያንኑ ፋይል ደግመሽ ስታወርጂ ከስሙ ኋላ (2) ብሎ ይቀጥልበታል። ሊንኩ ያልተነካውን የድሮውን ፋይል ማሳየቱን ይቀጥላል፤ አዲሱ ዳውንሎድ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ሰውየው ግን አዲሱን እያየሁ ነው ብሎ ያምናል። ቴሌግራምን ለወሬና ለማሳወቂያ ተጠቀሙበት፤ ለፋይል ማስቀመጫ አይሆንም።

አዲስ ስታወጪ የቀድሞውን ወደ ማህደር ፎልደር ወስደሽ ተራ ቁጥር ስጪው። ቀን አልመክርም። እኛ አገር ሁለት ዘመን አቆጣጠር አለ፤ አንዱ በኢትዮጵያ አንዱ በፈረንጅ ከጻፈ ማንም አይለየውም።

አሁን ከሁሉም ወደሚበልጠው ልምጣ፤ መነሻ ነጥብና ከፍታ። ያየኋቸው ከባድ ግጭቶች ከኢንተርኔት አልመጡም፤ ከዚህ ነው የመጡት።

ቀያሹ የሚሰጥሽ ፋይል በካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት፣ በአዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ነው የሚሆነው። ደሴ ላይ የሰሜን ቁጥሩ ወደ 1,230,000 ሜትር ይጠጋል። ሬቪት ደግሞ ከውስጣዊ መነሻው 16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር አይወድም፤ መስመሮች መንቀጥቀጥና መሰባበር ይጀምራሉ። ስለዚህ የቀያሹን ፋይል እንዳለ ሞዴሉ ውስጥ አታስገቢ። የግሪድ (ኮለሞቹ የሚሰለፉበት መስመር) ሀ እና የግሪድ 1 መገናኛ የሦስታችሁም መነሻ ይሁን። ሁላችሁም «ኦሪጅን ቱ ኦሪጅን» (መነሻ ከመነሻ) ብላችሁ ሊንክ አድርጉ። የቀያሹ ቁጥር በሳይት ፕላኑ ፋይል ብቻ ይቀመጥ።

ከፍታው የባሰ ነው። ደሴ ላይ መሬት ሜዳ ሆኖ አይጠብቅሽም። ከላይኛው መንገድ ስትገቢ ግራውንድ ያልሽው፣ ከታችኛው መንገድ ለሚያየው ሁለተኛ ፎቅ ነው። በጦሳ ተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ ሕንፃ አስታውሳለሁ። አርክቴክቱ ±0.00 (ሌላው ከፍታ ሁሉ የሚለካበት ዜሮ) ያለው የላይኛውን መግቢያ ነው። የስትራክቸሩ ኢንጂነር ከታችኛው ስላብ (የኮንክሪት ወለል) ጀምሮ «ግራውንድ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያለ ቆጠረ። የሳኒተሪው ባለሙያ የኢንጂነሩን አጠራር ተከትሎ የፍሳሹን መውጫ አንድ ፎቅ ሙሉ ዝቅ አደረገው። ሦስቱም ድሮዊንግ ለየብቻ ሲታይ ንጹሕ ነበር። ጉዳዩ የታወቀው ፎርማኑ ቱቦው ከመንገዱ ቦይ በታች እንደሚወጣ ሲያይ ነው።

ስለዚህ ፎቆቹን በስም አትጥሩ፤ በቁጥር ጥሩ። «−3.20፣ ±0.00፣ +3.20» ብላችሁ አንድ ሠንጠረዥ ጻፉና ሦስታችሁም ተስማሙበት። ±0.00 ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነም እዚያው ይጻፍ። ቁጥሩ የስላቡ ነው ወይስ የተጠናቀቀው ወለል የሚለውም ይለይ። ንጣፍና ማሰሪያው 5 ሳንቲ ቢሆን፣ የአርክቴክቱ ከፍታ የተጠናቀቀው ወለል፣ የኢንጂነሩ ደግሞ ስላቡ ሆኖ ካልተነጋገራችሁ፣ ደረጃው ላይ የመጀመሪያዋ ወይ የመጨረሻዋ መርገጫ ከሌሎቹ ትለያለች። አሮጊት እናት በየቀኑ የምትወጣበት ደረጃ ነው፤ 5 ሳንቲ ቀላል አይደለም።

ግሪዱና ከፍታው የአንቺ ነው። ሬቪት ላይ ያሉት ኮፒ ሞኒተር ብለው ይውሰዱት፤ ስትቀይሪ ያስጠነቅቃቸዋል። ኢንጂነርሽ ግን እንደ ብዙዎቹ ኢታብስ በሚባለው የስትራክቸር ማስሊያ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ ማስጠንቀቂያው አይደርሰውም። ኮለም 20 ሳንቲ ስታንቀሳቅሺ ለእሱ አዲስ ስሌት ነው። እኛ ያለነው ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰበት አካባቢ ነው። ግሪድ ወይም ኮለም ከተነካ ቴክስት ሳይሆን ስልክ ይደወል፤ «አይቸዋለሁ» እስኪል ድረስም አታውጪው።

አውቶካድ የሚጠቀም ካለ፣ ኤክስሬፉ (የአውቶካድ ሊንክ) በሬላቲቭ ፓዝ፣ ማለትም ከፋይሉ ፎልደር ተነስቶ በሚቆጠር አድራሻ፣ ይሁን፤ አለበለዚያ የአንቺን ዲ ድራይቭ ወልድያ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ሊንኩ ወደ ሌላ ፋይል እየተከተለ እንዳይገባ አታች ሳይሆን ኦቨርሌይ ይደረግ። ፋይል ለውጭ ሰው ሲላክ ኢትራንስሚት የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ጠቅልሎ ያወጣል። አማርኛ ጽሑፋችሁ በዩኒኮድ ፎንት፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ ይሁን። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የባለቤት ስም ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ነው የሚወጣው። ማዘጋጃ ቤት በዚያ ምክንያት ብቻ ቢመልስሽ ያናድዳል።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ከሆነ የተለወጠውን የፋይሉን ክፍል ብቻ የሚልክ አገልግሎት ይሻላል፤ ድሮፕቦክስ እንዲያ ያደርጋል። ከማውጣትሽ በፊት ፐርጅ አድርጊ (ያልተጠቀምሽበትን አጽጂ)፤ የማያስፈልጉ ሊንኮችንም አንሺ። በ2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ ሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ፍላሽ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እንልክ ነበር፤ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ። የየራሳችን ፋይል ስለነበረን ሥራው አልቆመም። ባንድ ሴንትራል ተያይዘን ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር አልጻፍሽም፤ የሦስታችሁ ሬቪት ስንተኛ ቨርዥን ነው? በአዲሱ የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፤ ወደ ኋላ ማስቀመጥም አይቻልም። ሳትጀምሩ አንድ ዓመት ምረጡና ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ ማንም አያሻሽል። አንዳችሁ መቀየር የማይችል ከሆነ አይኤፍሲ (የተለያዩ ፕሮግራሞች የሚያነቡት የጋራ የሞዴል ፋይል) አውጥታችሁ ሊንክ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለማየትና ለማመሳከር ይበቃል። ቨርዥናችሁን እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፤ የአይኤፍሲ አወጣጡን ከዚያ ተነስቼ አሳይሻለሁ።