«እኩል ባለቤት ነን» ያሉኝ ፎቶ አንሺ

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ፎቶ ቤት ከፍተን አራት ዓመት ሠራን። ዘንድሮ ተጣልተን ተለያየን፤ ሃርድ ዲስኮቹ እሱ ዘንድ ቀሩ። ጎንደር ለጥምቀት ወርጄ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ያለ ስሜ ለካላንደር አሳታሚ ሸጧል። ያነሳኋቸውን ሠርጎችም ማስታወቂያ አድርጓቸዋል። እኩል ባለቤት ነን፤ በየወሩ 20,000 ብር ይሰጠኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ የቪዛ ደብዳቤም ጽፎልኛል። ልከሰው እችላለሁ?

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። ማሸነፍዎ ግን ባልነገሩኝ ነገር ላይ ይወሰናል። ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? የሽርክና ውሉ ተጽፏል? ዝም ማለትዎን ሳይ ፈቃዱ በእሱ ስም፣ ውሉም በቃል ይመስለኛል። ብሳሳት ደስታዬ ነው።

ሕጉን በአጭሩ፦ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶው ባለመብት በመርህ ደረጃ ያነሳው ሰው ነው፤ ጥበቃው ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይቆያል። መብቱ ለሌላ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ሠርጎቹን ግን ለጊዜው ይተዋቸው። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ነው። የሙሽሮቹን ምስል ያለ ፈቃዳቸው ማውጣትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ጓደኛዎን ከእነሱ ጋር ያነካካዋል።

አሁን ወደ ዋናው። በጥያቄዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጣሏት የቪዛ ደብዳቤ ናት ያስደነገጠችኝ። «ሠራተኛችን ናቸው፣ ደመወዛቸው ይህን ያህል ነው» ትላለች አይደል? ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በሥራ ውል ውስጥ የተፈጠረ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። የጓደኛዎ ጠበቃ ደብዳቤዋን ከወርሃዊው 20,000 ብር ጋር አጣምሮ ችሎት ላይ ሲዘረጋት የአራት ዓመት ባለቤትነትዎ ወደ ቅጥር ይለወጣል። «ለኤምባሲ ብለን የጻፍነው ውሸት ነው» ቢሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከፍታሉ፤ ይህን ቃል ከጠበቃ ሳይመክሩ ለማንም እንዳይናገሩ። ደግሞስ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲህ በዋዛ ይወሰዳል? የጡረታ መዋጮ ወይም የደመወዝ ግብር ተቆርጦልዎት ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ዛሬውኑ ያጣሩ።

ተስፋው የጎንደሩ ፎቶ ነው። በራስዎ ገንዘብና በራስዎ ካሜራ፣ ማንም ሳያዝዎት ከሄዱ፣ ሠራተኛ ነበሩ ቢባል እንኳ ሥራው ከቅጥሩ ውጪ ነው ብለን መከራከር እንችላለን። ስለዚህ የጉዞ ትኬት፣ የማደሪያ ደረሰኝ፣ የካሜራውን ግዢ ደረሰኝ ይፈልጉ። የቤቱን ኪራይ ወይም የፎቶ መብራቱን መግዣ ከእርስዎ ሂሳብ ከፍለው ከሆነ የባንኩን መግለጫ ያውጡ፤ ሸሪክነትዎን የሚናገረው እሱ ነው። ትርፍ የተካፈላችሁበትን የቴሌግራም መልእክትም አያጥፉ። አዋጁ ለፎቶ ጥበቃ ሲሰጥ የስብስብ አካል መሆኑን፣ በመጽሐፍ መታተሙን፣ ወይም የአንሺውን ፊርማ ወይም ስምና አድራሻ መያዙን ስለሚያይ፣ ስምዎ ያለበት ቅጂ ካለ ይዘው ይምጡ።

ከተሳካልን ጊዜያዊ እግድ እንጠይቃለን፤ የሞራል ጉዳት ካሳውም ከ100,000 ብር አያንስም። ሽማግሌ መሃል ገብቶ «ከእንግዲህ አንጠያየቅም» የሚል ወረቀት ካቀረቡልዎ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። የጎንደሩ ሜሞሪ ካርድ በእጅዎ ካለ ደግሞ ሌላ ሠርግ አያንሱበት።