ቀይ ባሕር ላይ አሜሪካን ምን አቃታት? ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቀይ ባሕር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጥቷል፤ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያን ሁሉ የጦር መርከብ ይዛ ሁቲዎችን ማስቆም እንዴት ያቅታታል?

መልስ፦ ሰንዓንና ሰሜን የመንን የያዙት ታጣቂዎች፣ ሁቲዎች፣ ኖቬምበር 2023 በሄሊኮፕተር ወርደው ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ያዙ። ምክንያታችን የጋዛ ጦርነት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ሚሳኤልና ድሮን ተኩሰዋል። የሚተኩሱት ከተራራማ አገር ነው፤ ማስወንጨፊያውን በመኪና እያዘዋወሩ ይደብቁታል።

ሒሳቡም አያዋጣም። አንድ የአሜሪካ መከላከያ ሚሳኤል 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የሚመታው ድሮን ግን ብዙ ጊዜ በሺዎች ዶላር የሚሠራ ነው። አሥሩ ተመትቶ አንዱ ካለፈ ደግሞ የመድን ዋጋ ይሰቀላል። የመርከቡ ባለቤትም በደቡብ አፍሪካ ዞሬ ልሂድ ይላል። ያ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይጨምርበታል።

ጥያቄ፦ የአረብ አገሮች ለምን አላገዟትም?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ዲሴምበር 2023 አሜሪካ መርከብ የሚጠብቅ ኅብረት ስታቋቁም በስም የተጠራችው አረብ አገር ባሕሬን ብቻ ነበረች። ግብፅን ተመልከቱ። የስዊዝ ቦይ ገቢዋ በ2024 ከግማሽ በላይ ወርዶባታል። ግን አልገባችም። ጋዛ እየተደበደበች ከአሜሪካ ጎን ቆሞ መታየትን ሕዝቡ ይቅር አይልም። ሳዑዲም ከ2015 ጀምራ ለዓመታት ሁቲዎችን ደብድባ ሰንዓን ማስለቀቅ አልቻለችም። በ2022 በተኩስ አቁም ያገኘችውን እፎይታ ማጣት አትፈልግም። በኔ እይታ አሜሪካ ቦምብ አላጠራትም። ያጠራት በግልጽ አብሯት የሚቆም ጎረቤት ነው።

ጥያቄ፦ በ2025 ታረቁ አልተባለም እንዴ?

መልስ፦ ከማርች ጀምሮ ከባድ ድብደባ ነበር። ሜይ 6 በኦማን ሸምጋይነት ቆመ። ግን ስምምነቱ በአሜሪካና በሁቲዎች መካከል ብቻ ነው። ጁላይ ላይ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት የንግድ መርከቦች በሁቲዎች ተመትተው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰመጡ፤ መርከበኞችም ሞቱ። ይሄን ድል ብዬ ልጠራው አልችልም።

ጥያቄ፦ ቻይናስ?

መልስ፦ ጅቡቲ ላይ ከ2017 ጀምሮ ጦር ሰፈር አላት፤ ከአሜሪካው ካምፕ ሌሞኒየር ብዙም አይርቅም። ተኩሱ ውስጥ ግን አልገባችም።

ጥያቄ፦ የኛ ዕቃስ በዚህ ምክንያት ይወደዳል?

መልስ፦ ከ90 በመቶ በላይ ንግዳችን በጅቡቲ ነው። ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣው የቀይ ባሕርን ደቡባዊ በር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ሳያቋርጥ ወደቡ ይደርሳል። ከአውሮፓና ከቱርክ የሚመጣው ግን ያቋርጣል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ይበረታል።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በየመን አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ትላለች። ቦምቡ ቆሟል አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአሜሪካው ድብደባ ቆሟል። መንገዱ ግን ያው ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ሰሜን የመን፣ ሰዓዳ ውስጥ ስደተኞች የታሰሩበት ቦታ በአሜሪካ አውሮፕላን ተመታ። ሁቲዎች 68 አፍሪካውያን ሞቱ ብለዋል። ከነሱ መካከል የኛ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት በየመን ጠረፍ፣ አብያን አጠገብ ጀልባ ሰጥማ ብዙዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ደላላው ይሄን አይነግራትም። አንቺ ንገሪያት፣ ዛሬውኑ ደውይላት።