የቢቸና አፈር ለፊት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ21 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ቢቸና ናቸው። ፊቴ ወዛም ነው፤ ግንባሬና አገጬ ላይ ብጉር አይጠፋም። ቲክቶክ ላይ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ሲቀቡ አያለሁ። ዱቄቱ እዚህ ሲሸጥ ዋጋው አይቀመስም። አክስቴ ደግሞ «እሱማ እኛም ጋ አለ» ብላ ከወንዝ ዳር ነጭ አፈር በፌስታል አመጣችልኝ። ምጣድ ላይ ቆልቼ ብነፋው ይነጻል? ፊት ያቀላል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ፌስታሉን እሰሪና አስቀምጪው። ፊትሽን ገና አታስነኪው።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ዋልካን፣ ያን ጥቁር አፈር፣ አብረን እናውቀዋለን። በበጋ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር ይውጣል። ሐምሌ ላይ አብጦ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ጫማ ላይ ሲለጠፍ እግር ማንሳት ያቅታል። ይህን የሚያደርገው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ቤተሰብ ነው። ቤንቶናይት የሚሉትም በአብዛኛው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እንደ እንጀራ የሳሱ ንጣፎች አሉት፤ በመሶብ ተደራርበው እንደተቀመጡ አስቢያቸው። ውሃ በመሃላቸው ይገባና ወደ ላይ ይገፋቸዋል፤ ያብጣል ማለት ነው። ገጹ ሰፊ ስለሆነ ወዝም ይለጠፍበታል። ካኦሊን የሚባለው ነጩ ሸክላ ግን ንጣፎቹ ጥብቅ ናቸው። ውሃ አያስገቡም፤ ስለዚህ አያብጥም፤ ለቆዳም የለዘበ ነው። ስሙ የመጣው ቻይና ውስጥ ለሸክላ ዕቃ ነጭ አፈር ከሚወጣበት ጋኦሊንግ ከሚባል ቦታ ነው።

ስለዚህ አክስትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ የእኛ ዋልካና ያ ውድ ዱቄት ዘመዳሞች ናቸው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከወንዝ ዳር የመጣ አፈር ነጭ መሆኑ ብቻ ምንም አይነግረንም። ካኦሊን ሊሆን ይችላል፤ ኖራ ያለበትም ሊሆን ይችላል።  ከብት የሚጠጣበት፣ ሰው የሚጸዳዳበት ዳር ከሆነ ደግሞ የሚያመጣውን አስቢው። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ኑሮው አፈር ውስጥ ነው። ያፈረጥሽው ብጉር ለእሱ በር ነው።

መቁላቱን ጠይቀሻል። ጀርሙ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ መቆየት የሚችል ነው፤ የምጣድ ሙቀት ይጨርሰዋል ብዬ አላምንልሽም። ደቃቁን አሸዋና እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ደግሞ እሳት አያወጣቸውም። እሳቱ በጣም ከበረታ፣ ማለትም ሸክላ ሠሪዎቻችን ጀበና እንደሚያቃጥሉበት ከሆነ፣ አፈሩ ራሱ ይለወጣል። ጀበና ተመልሶ ጭቃ ይሆናል እንዴ? አይሆንም። አንቺም የምታገኚው የገል ዱቄት ነው። ፊት ይፍቃል፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

የእርሳሱን ነገር በዋዛ አትለፊው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሱቅ በሚሸጡ የቤንቶናይት ዱቄቶች ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ታሽጎ የተሸጠው እንዲህ ከሆነ፣ በፌስታል የመጣው ማን መርምሮት? ስለዚህ የምልሽ ይህ ነው፤ ሸክላ ለፊት ይሆናል፣ ግን ለመዋቢያ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አምራቹና ጊዜው የተጻፈበት ይሁን። ዋጋው ከከበደሽ ትንሿን ካኦሊን ግዢና ከጓደኛሽ ጋር ተካፈሉ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ምንም ያልተጻፈበት ዱቄት ገዛሁ። ሻጩ «እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ሲደርቅ ነው የሚሠራው» አለኝ። አመንኩት። ቀብቼ ቡና አፈላሁ። አቦል ደርሶ ሳነሳ ጉንጬ አልላቀቅ አለኝ። መስታወት ሳይ ፊቴ ልክ እንደ ቤታችን ምርጊት ተሰነጣጥቋል። እናቴ ግድግዳውን ስትመርግ ጭድ የምትጨምርበት ለዚህ ነበር፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይስባል፣ ይቀደዳል። እኔ ላይ የሳበው ቆዳዬን ነበር። በማግሥቱ ቀላ፤ በሳምንቱ ተላጠ። ከዚያ ግራ ጉንጬ ላይ ጥቁር ቦታ ቀረ፤ እስኪለቅ አራት ወር ፈጀ። የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ምልክቱን ቶሎ አይተውም። ይህ አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አቀባቡን እንግዲህ ያዢልኝ። መጀመሪያ ክንድሽ ውስጠኛው ክፍል ላይ ትንሽ ቀቢ፣ አጥቢውና እስከ ማግሥቱ ጠብቂ። ካሳከከሽ ወይም ከቀላ ተዪው። ደህና ከሆነ ፊትሽን በለብታ ውሃ ታጠቢ፤ ዱቄቱን በንጹሕ ውሃ እንደ ወፍራም እርጎ አቡኪው። ስትበጠብጪው አቧራውን አትሳቢ፤ ደቃቅ አሸዋ ሊኖርበት ስለሚችል ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ዓይንና ከንፈር አካባቢ አታድርሺ። ያፈረጠ ብጉር ወይም ቁስል ካለም አልፈሽ ቀቢ። ጫፍ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር፣ መሃሉ ገና እርጥብ ሳለ፣ ታጠቢው። ካሥር ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ ቆዳው እርጥብ እንዳለ ቀላል ቅባት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ብረት ማንኪያ እንዳይነካው የሚባለው ግን ለጥቂት ደቂቃ ምንም አያመጣም፤ በዚያ አትጨነቂ።

ሎሚ አትጨምሪበት። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይጠቁራል። አቼቶም እንዲሁ ይቅር። ቤንቶናይት ራሱ የአሲድ ተቃራኒ ወደሆነው ወደ አልካሊ ያደላ ነው፤ የቆዳችን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፣ 5 አካባቢ ሲሆን የእሱ ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ መታጠቡ የሚያስፈልገው።

ያቀላል ወይ ላልሽው፣ አያቀላም። ላዩ ላይ ያለውን ወዝ ስለሚያነሳ ለጥቂት ሰዓት ፊት የጠራ ይመስላል፤ ያ ነው። «መርዝ ከደም ይስባል» የሚሉትም እውነት አይደለም። ብጉርሽንም ብቻውን አያድነውም። ለብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ቅባት አለ፤ ፋርማሲ ጠይቂ። ጠባሳ የሚተው ትልልቅ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ይይሽ። ለሚጠቁረው ቦታ ደግሞ ከማንኛውም ሸክላ የሚበልጠው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ከፍታው ላይ ጨረሩ ይበረታል። ያለሽን ብር የምታወጪበት አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትዪኝ እሱን እመርጥልሻለሁ። ለአክስትሽ ደግሞ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አስበው ነው ያመጡልሽ።

ጥያቄ፦ ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ነኝ። እናቴ እግራቸው አብጦ ብዙ ዓመት ተሠቃይተዋል። ሐኪሙ «ከአፈር የሚመጣ የዝሆን እግር ነው» አለን። አሁን ልጄ ፊቷን ሸክላ ትቀባለች። አፈር እግር ካሳበጠ ፊት አያሳብጥም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደግ ጠየቁ። ፍርሃትዎ ከባዶ አልተነሳም። ይህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የወጣ ስም ነው። ደጋ ላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ባለበት አገር ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ይይዘዋል። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው የሰውነትን የፈሳሽ መተላለፊያ ያስቆጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ጥናት በሽታውን አፈሩ ውስጥ ካሉት ከስሜክታይት፣ ከሚካና ከኳርትዝ ማዕድናት ጋር አያይዞታል። ስሜክታይት ከላይ ለቢቸናዋ ልጅ የነገርኳት ቤተሰብ ነው።

ሆኖም አሥር ደቂቃ ፊት ላይ ቆይቶ የሚታጠብ ንጹሕ ሸክላ ይህን በሽታ አያመጣም። በሽታውን የሚያመጣው የዓመታት የባዶ እግር ኑሮ ነው። የልጅዎን ፊት ይተዉትና ጫማዋን ይዩላት። እርሻ ስትወርድ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ አረም ስታርም ጫማ ታድርግ። በቤተሰብ ውስጥ የታየ ከሆነ ልጆች ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ተጋላጭነቱ በዘር ይወረሳልና። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ጎረቤት ይህን ካልተረዳ እርስዎ ይንገሩልን፤ በዚህ ምክንያት ስንቶች ከሰርግና ከለቅሶ ርቀዋል።

ለእናትዎ አሁንም የሚደረግ ነገር አለ። እግራቸውን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይጠቡ፤ በጣቶቹ መሃል በደንብ ያድርቁላቸው፤ ቫዝሊን ይቀቡላቸው። ካልሲና እግር የማይጨንቅ ሰፊ ጫማ ያድርጉ። ሲቀመጡ እግራቸው ከፍ ይበልላቸው። ድንገት እግሩ ከጋለ፣ ካመማቸውና ትኩሳት ከመጣ ግን እስከ ገበያ ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።