የሞተር ማውንት ማጠንከርና የሚያስከትለው ንዝረት፦ ጥያቄና መልስ

ሞተር ማውንት የምንለው ሞተሩንና ካምቢዮውን ተሸክሞ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን፣ በሁለት ብረቶች መካከል ጎማ ያለበትን መያዣ ነው። ይህን ጎማ በፖሊዩሬቴን (ከጎማ የሚጠጥር ተለጣጭ ፕላስቲክ) ወይም በጠጣር አሉሚኒየም መተካት ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ጥያቄ ስታቀርቡ ግን ሦስት ነገሮችን አትዝለሉ፤ ሞተሩ የተቀመጠው በመኪናው ቁመት (ከፊት ወደ ኋላ) ነው ወይስ በወርዱ (ከጎን ወደ ጎን)፣ ስንት ሲሊንደር አለው፣ አሁን ያለው ማውንትስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ጠንካራ ማውንት ባስገባ የመኪናዬ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። የሚለወጠው ሞተሩ ያመነጨው ኃይል ወደ መኪናው እግር ጎማዎች የሚደርስበት ሁኔታ ብቻ ነው። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ሞተሩ የሚወዛወዝበት ስፋት ስለሚያንስ መኪናው ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ማርሽ ሲቀየርም መንገጫገጩ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ በወርድ የተቀመጠ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በፊት ጎማ የሚነዳና በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና አለኝ። በአንደኛ ማርሽ በኃይል ስነሳ የፊት ጎማዎቹ እየነጠሩ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ማውንቱ ቢጠነክር ይስተካከላል?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ተሟልቶ ሲቀርብ መልሱም ሙሉ ይሆናል። በመጀመሪያ ማውንቶቹ ምን እንደሚሸከሙ እናስላ። ሞተሩ 200 ኒውተን ሜትር ቢያመነጭ፣ የአንደኛ ማርሽ ምጥጥን 3.5፣ የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ደግሞ 4 ቢሆን፣ ጎማዎቹ ላይ የሚደርሰው የማዞር ጉልበት በሰበቃ የሚባክነውን ሳንቆጥር 2,800 ኒውተን ሜትር ነው። ሞተሩ በወርድ በተቀመጠበት መኪና ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር በአንድ አካል ውስጥ ስለሚገኝ፣ ጎማዎቹን ወደ ፊት የሚያዞረው ጉልበት በሙሉ ሞተሩን ወደ ኋላ ሊገለብጠው ይታገላል፤ ይህን ትግል የሚችሉት ማውንቶቹ ብቻ ናቸው። ሞተሩ በቁመት በተቀመጠበትና በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ግን የሞተሩ ማውንቶች የሚቋቋሙት ከካምቢዮው የሚወጣውን 700 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቀረው በኋላ ዲፈረንሻሉና በራሱ ማያያዣዎች ላይ ያርፋል። ስለ ማውንት የሚነገር ምክር ከአንዱ የመኪና ዓይነት ወደ ሌላው ዝም ብሎ የማይሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እርስዎ በገለጹት መኪና ከታች በኩል ሞተሩን ከንዑስ ሻንሲው ጋር የሚያገናኝ አጭር ዘንግ ይኖራል፤ በሁለቱም ጫፎቹ ጎማ ያለው ይህ ዘንግ ሥራው ሞተሩ እንዳይገለበጥ መያዝ እንጂ ክብደቱን መሸከም አይደለም። ዘንጉ ሞተሩ ከሚሽከረከርበት መስመር 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና ያ ሁሉ ጉልበት በእርሱ ላይ ብቻ ቢያርፍ 7,000 ኒውተን፣ ማለትም የ700 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይጎትተዋል። ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ ሞተሩ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል፤ ጎማው ሲያዳልጥ ጭነቱ በድንገት ስለሚለቀው ሞተሩ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ይህም ደጋግሞ በፍጥነት ሲፈራረቅ እርስዎ የገለጹትን ንጥረት ይፈጥራል። የእግር ጎማዎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ክፍሎች (ሳስፔንሽን) መጋጠሚያ ጎማዎች ከላሉ ችግሩን ያባብሱታል፤ ስለዚህ እነርሱንም ይፈትሹ።

ምክሬ የታችኛውን ዘንግ ጎማ ብቻ በመካከለኛ ጥጥርነት ባለው ፖሊዩሬቴን መለወጥ ነው። ዘንጉ ክብደት ስለማይሸከም በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ጊዜ የሚያስተላልፈው ንዝረት ክብደት ከሚሸከሙት ማውንቶች ያነሰ ነው፤ ትርፉ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዘንጉን ጨምሮ አራቱንም ማውንቶች በአንድ ጊዜ አይለውጡ። ይህን ማሳሰቢያ ዛሬ ደጋግሜ እንደምናገረው አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጎማ ይሻላል ወይስ ፖሊዩሬቴን?

መልስ፦ ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው ማውንት፣ ለምን ዓይነት አነዳድ? ከላይ የጠየቅኋቸው ሦስት ነገሮች ሳይገለጹ ለዚህ መልስ አይኖረኝም።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና አውቶማቲክ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሞተሩ በወርድ የተቀመጠ ነው። ሁሉንም ማውንቶች በፖሊዩሬቴን ካስለወጥኩ ወዲህ በጉዞ ላይ ምንም አይሰማኝም፤ መብራት ላይ ቆሜ ማርሹ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ሳለ ግን መሪውና መቀመጫው ይርገበገባሉ። በፍጥነት ስነዳ የማይሰማ ንዝረት ቆሜ ሳለሁ ለምን ይሰማኛል?

መልስ፦ ከቀረቡት ሁሉ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በሚኒሞ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በሰከንድ 12.5 ዙር ይሆናል፤ ስለዚህ በሰከንድ 25 ምት፣ ማለትም 25 ሄርዝ ንዝረት አለው። በሌላ በኩል፣ በማውንቶቹ ላይ የተቀመጠው ሞተር እንደማንኛውም በሞላ (ስፕሪንግ) ላይ እንዳለ ክብደት የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ፣ ማለትም ተገፍቶ ቢለቀቅ በሰከንድ በራሱ የሚወዛወዝበት ቁጥር፣ አለው። ማውንት ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው የሞተሩ ምት ከዚህ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከ1.41 እጥፍ በላይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ንዝረቱን ከመቀነስ ይልቅ ያጎላዋል።

በፋብሪካው ጎማ የተፈጥሮ ድግግሞሹ 10 ሄርዝ ነው እንበል። የማውንቱን የራሱን የማርገብ ችሎታ ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ብናሰላው፣ ከ25 ሄርዙ ምት ወደ መኪናው አካል የሚያልፈው 19 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የማውንቶቹን ግትርነት እጥፍ ብናደርገው የተፈጥሮ ድግግሞሹ ወደ 14 ሄርዝ ከፍ ይልና የሚያልፈው 47 በመቶ ይሆናል። አራት እጥፍ ብናደርገው ድግግሞሹ 20 ሄርዝ ይደርሳል፤ የሚያልፈው ደግሞ 178 በመቶ፣ ማለትም ሞተሩ ከሚፈጥረው በላይ ይሆናል። ማውንቱ በዚህ ጊዜ ንዝረት አጉሊ ሆኗል ማለት ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ግን ምቱ 100 ሄርዝ ስለሚደርስ ከ20 ሄርዙ በብዙ ይርቃል፤ በጉዞ ላይ የማይሰማዎት ለዚህ ነው። ማርሹ ዲ ላይ ሲሆን ደግሞ ዙሩ ይወርዳል፣ ሞተሩም ጭነት ይዞ ማውንቶቹን ይጫናል፤ ሁለቱም ወደዚያው መጥፎ ክልል ያስጠጉዎታል።

መሐንዲሶች ይህን ካወቁት ቆይተዋል። በ1931 እ.ኤ.አ. ክራይስለር በፕሊመዝ መኪናው ላይ «ተንሳፋፊ ኃይል» ያለውን አሠራር ሲያወጣ፣ ባለ አራት ሲሊንደሩን ሞተር ጠፍሮ ከማሰር ይልቅ በሁለት የጎማ ማውንቶች ላይ አስቀምጦ በክብደቱ መሐል በሚያልፍ መስመር ዙሪያ በነፃ እንዲወዛወዝ ፈቀደለት። በኮፈኑ ሥር የምታዩት ውዝዋዜ እንግዲህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦ የተሰጠ ነፃነት ነው። ማውንት የሚያጠነክር ሰው ይህን ነፃነት እየወሰደ መሆኑን አውቆ፣ የት ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ ይምረጥ።

ሌላ አባል፦ ጠያቂው ጥቂት ይታገሥ። ፖሊዩሬቴን ከጊዜ በኋላ ይለሰልሳል፤ የእኔም መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር፣ አሁን ግን አይሰማኝም።

ሦስተኛ አባል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማውንቱ አልለሰለሰም፤ እርስዎ ለመዱት። እኔ በየቀኑ የምነዳት መኪና ላይ ምንም አይሰማኝም እል ነበር፤ ባለቤቴ አንድ ቀን ስትነዳት ግን ሞተሩ ተበላሽቷል ብላ ደወለችልኝ።

ሌላ አባል፦ መልመድ ብቻ አይደለም። የዳሽቦርዱ መንቀጥቀጥ በዓይን እስኪታይ ድረስ ቀንሷል። ደግሞም ናፍጣ ሞተር የነዳ ሰው በዚህ ማማረር የለበትም።

ሦስተኛ አባል፦ የናፍጣ ሞተር ማውንት እኮ ገና ከፋብሪካው ለዚያ ምት ተብሎ የተሠራ ነው። ማነጻጸሪያ ሊሆን አይችልም።

መልስ፦ የናፍጣው ጉዳይ ከርዕሳችን ስለሚያወጣን እዚህ ላይ ይብቃ። ስለ መለስለሱ ሁለታችሁም በከፊል ትክክል ናችሁ። እንዲህ ያሉ ተለጣጭ ቁሶች በመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ትንሽ ይለሰልሳሉ፤ ነገር ግን አራት እጥፍ የጠጠረ ማውንት ወደ ፋብሪካው ጎማ ልስላሴ አይመለስም። አሁን የሚርገበገብ መሪ በትዕግሥት ብቻ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚኒሞውን ዙር ከፍ ማድረግ አይበቃም?

መልስ፦ ይረዳል፣ ግን አይበቃም። በዚያው ስሌት ዙሩን ከ750 ወደ 900 ብናሳድገው ምቱ 30 ሄርዝ ይሆንና 178 በመቶ የነበረው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ዋጋው ግን ቆሞ የሚቃጠል ነዳጅ ነው፤ አውቶማቲክ መኪናም ፍሬን ሲለቀቅ ወደ ፊት የሚስብበት ኃይል ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ሻጩ አንዱ ማውንት 75፣ ሌላው 88 ነው አለኝ። ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በሾር ኤ መለኪያ የተነገረ የቁሱ ጥጥርነት ነው። የፋብሪካ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ለማውንት የሚሸጥ ፖሊዩሬቴን ከ60 ተነሥቶ እስከ 95 ይደርሳል። ነገር ግን ቁጥሩ ስለ ቁሱ እንጂ ስለ ማውንቱ አይናገርም። በውስጡ ክፍት ቦታ ያለው 88 እና ሙሉ በሙሉ የተሞላ 75 ጎን ለጎን ቢለኩ፣ ሁለተኛው የበለጠ ግትር ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና የታችኛው ዘንግ ላይ ከ75 በላይ እንዲወጡ አልመክርም፤ ክብደት የሚሸከሙትን ደግሞ አይንኩ።

ጥያቄ፦ ጠጣር አሉሚኒየምስ?

መልስ፦ ለውድድር መኪና ብቻ። ለመንገድ መኪና አይሆንም።

ጥያቄ፦ አንዱን ብቻ አሉሚኒየም አድርጌ ሌሎቹን ጎማ ብተዋቸው መሃከለኛ ውጤት አላገኝም?

መልስ፦ አያገኙም፤ ከሁለቱም የከፋውን ያገኛሉ። ጎማዎቹ ሲለጠጡ አሉሚኒየሙ ስለማይለጠጥ ለአራት የታሰበው ጭነት በአንዱ ላይ ይከማቻል። መያዣው ይሰነጠቃል፤ መያዣው ከጸና ደግሞ ከሞተሩ አካል ላይ ቡሎኑ የሚገባበት ጆሮ ሊሰበር ይችላል፤ ያ ከተሰበረ ወጪው ከማውንት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ጥያቄ፦ የፋብሪካው ማውንት ፈሳሽ ያለበት ነው። በፖሊዩሬቴን ብተካው ምን አጣለሁ?

መልስ፦ ብዙ ያጣሉ። በውስጡ ሁለት ክፍሎችና የሚያገናኛቸው ጠባብ መተላለፊያ አሉ። ሞተሩ በሰፊው ሲወዛወዝ ፈሳሹ በጠባቡ መንገድ ለማለፍ እየታገለ ውዝዋዜውን ያረግበዋል፤ በሚኒሞ ጥቃቅን ንዝረት ጊዜ ግን ማውንቱ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። በአንድ ዕቃ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በፖርሽ 911 ጂቲ3 ላይ የተገጠመው ዓይነት ደግሞ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በመግነጢስ ኃይል ግትርነቱን እንደ አነዳዱ ይለዋውጣል። ፖሊዩሬቴን ይህን ምርጫ አይሰጥም፤ ሁልጊዜም ግትር ነው። ከማውንቱ ሥር የፈሰሰ ፈሳሽ ካዩ አርጅቷልና በተመሳሳዩ ይተኩት።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ማውንት ለመኪናው ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ እባክዎ ያንብቡ። መልሱ አልተለወጠም።

ጥያቄ፦ የትኛውን የሞተር ዘይት ይመክራሉ?

መልስ፦ በመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈውን። ርዕሳችን ማውንት ነው።

ጥያቄ፦ ማውንቱ ማርጀቱን ሳላወልቀው እንዴት ላረጋግጥ? የእኔ መኪና አውቶማቲክ ሆኖ ሞተሩ በወርድ የተቀመጠ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው።

መልስ፦ ይህን ሁሉም ሰው ከመግዛቱ በፊት ቢያደርገው ግማሹ ጥያቄ ባልቀረበ ነበር። ኮፈኑን ከፍተው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ አንድ ሰው የእግር ፍሬኑን አጥብቆ እንደረገጠ ማርሹን ከዲ ወደ አር (ወደ ኋላ መሄጃው) እያፈራረቀ ጥቂት ነዳጅ ይስጥ፤ እርስዎ ከጎን ሆነው ይመልከቱ እንጂ ከመኪናው ፊት ወይም ኋላ ፈጽሞ አይቁሙ። ሞተሩ በሰፊው ከተነሣ ወይም የብረት መጋጨት ድምፅ ከተሰማ ማውንቱ ተቀዷል። የተቀደደ ጎማ አውጥቶ አዲስ ፖሊዩሬቴን ያስገባ ሰው ልዩነቱን ሲያደንቅ እሰማለሁ፤ የሚያደንቀው ግን ምናልባት የአዲስ ማውንትን ጤንነት ነው፤ አዲስ የፋብሪካ ጎማም ያንኑ ይሰጠው ነበር።

ጥያቄ፦ ዲ ላይ መሪው እንደሚርገበገብ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም አውልቄ ልጣል?

መልስ፦ አይጣሉ። በቅድሚያ ሞተሩ በትክክል ማቀጣጠሉን ያረጋግጡ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ካላቀጣጠለ በ750 ዙር 6.25 ሄርዝ የሆነ ዝግ ያለ ውዝዋዜ ይፈጠራል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ማውንት አያድነውም። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ የታችኛውን ዘንግ ፖሊዩሬቴን እንዳለ ይተዉትና ክብደት የሚሸከሙትን ወደ ፋብሪካው ጎማ ይመልሱ።

ሲገጥሙ ሞተሩን በክሪክ ከፍ ሲያደርጉ በዘይት መያዣው ገንዳ ላይ ሰፊ እንጨት ያስገቡ፤ ቀጭን ቆርቆሮ ስለሆነ ይጎደጉዳል። ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስገብተው ክሪኩን ዝቅ ያድርጉ፤ ሞተሩ በራሱ ክብደት ከተቀመጠ በኋላ በመመሪያው በተጻፈው ልክ ያጥብቁ። ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ማውንት ጎማው ተጠምዝዞ ስለሚቀር አዲስ ሆኖም ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻም ወደ ማርሚታው የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ አካሉን አለመንካቱን ይመልከቱ፤ ሞተሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቦታውን ከለወጠ ሊነካ ይችላልና፣ ያ ንክኪ ደግሞ ከማውንት የመጣ ንዝረት መስሎ መሪው ድረስ ይሰማል።