መልስ፦ የፌይኖርድና የአያክስ ባላንጣነት

የኔዘርላንዱ የሮተርዳም እግር ኳስ ክለብ ፌይኖርድ ከአምስተርዳሙ ክለብ ከአያክስ ጋር ያለው ባላንጣነት ከየት እንደመጣ ለጠየቁት ወንድማችን፦ መነሻው ከሜዳው ይልቅ የወደብ ከተማዋ የሮተርዳምና የዋና ከተማዋ የአምስተርዳም ፉክክር ይመስለኛል። በ1908 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፌይኖርድ በ1970 ሚላን ላይ ሴልቲክን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓን ዋንጫ ለኔዘርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያመጣም፣ አያክስ ከ1971 እስከ 1973 ሦስቱንም በተከታታይ ወሰደ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የአያክሱ ዝነኛ ተጫዋች የዮሐን ክራይፍ ነገር ነው፤ አያክስ ውሉን ሳያድስለት ሲቀር በ1983 በቁጭት ወደ ፌይኖርድ ተሻገረ፣ በመስከረም በቀድሞ ክለቡ 8 ለ 2 ቢሸነፍም፣ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ሊጉንም የአገሪቱን ዋንጫም አነሣ። ፌይኖርድ ከከተማው ጎረቤት ክለብ ከስፓርታ ጋር ያለው ፉክክር ለዘብ ያለ ሲሆን፣ በአያክሱ ግጥሚያ ግን በደጋፊዎች ጠብ ምክንያት ከ2009 ጀምሮ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ስታዲየም እንዳይገቡ ተከልክሏል።