ካሸሮቹ አሁንም ፎርም ያስሞላሉ፤ ኤምቢኤ ልማር?

«የ29 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ባንክ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። በቅርቡ ቅርንጫፎችን ከወረቀት ወደ ዲጂታል የሚያሸጋግር ቡድን አስተባባሪ ሆኛለሁ። በሦስት ቅርንጫፎች ሙከራ ጀምረናል። ሥልጠና ሰጥተናል፤ ነባር ካሸሮች ግን አሁንም ደንበኛን ፎርም ያስሞላሉ። በዕድሜ እናቶቼ የሚሆኑ ናቸው፤ መቆጣት ከበደኝ። ኤምቢኤ ልማር፣ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፊኬት ልያዝ፣ ወይስ ቦታውን ልልቀቅ?»

እህቴ፣ ቦታውን አትልቀቂ። መቆጣት የከበደሽም ደግ ነው፤ ቁጣ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ከትምህርቱ በፊት ስለ ካሸሮቹ እናውራ። ካሸር ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ብር ከጎደለባት ከኪሷ ትተካለች። ከሦስት ወር በኋላ ደንበኛ መጥቶ «ይህን ብር አላወጣሁም» ቢል፣ መከላከያዋ እሱ የፈረመበት ወረቀት ነው። እናንተ ያንን ወረቀት ወሰዳችሁባትና «ሲስተሙ ይይዘዋል» አላችኋት። እሷ ደግሞ ስንት ጊዜ «ሲስተም የለም» እያለች ደንበኛ የመለሰች ሴት ናት። ታዲያ ምኑን ትመን?

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ምዝገባን ወደ ኮምፒውተር ያዞረ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ሥልጠናው አንድ ቅዳሜ ነበር። ሪፖርታችን ሁሉም ነገር ተሳክቷል ይል ነበር። በሁለተኛው ወር አንድ መጋዘን ሄድኩ። ግምጃ ቤት ኃላፊው ከመሳቢያ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ መዝገብ አወጡ። ሁሉንም እዚያ ላይ ይጽፋሉ፤ ማታ አንዲት ልጅ ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጣለች። ለምን ስላቸው፣ «ልጄ፣ ዕቃ ቢጎድል የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ አይደለም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀድመን ብንጠይቃቸው ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ድርብ ሥራ ባልሠሩ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ ሌላ ሥልጠና ማዘጋጀት አይደለም። ኦዲትንና የሕግ ክፍልን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ክርክር ሲነሳ የዲጂታል ማስረጃው እንደ ፊርማ ይቆጠራል ወይ? ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥና ሒሳቡ ቢዛባ ኃላፊነቱ የማን ነው? መልሱ በሰርኩላር ይውጣ፤ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ለካሸሮቹ በእጃቸው ስጪ።

ሰዎችን ከአሮጌ አሠራር ወደ አዲስ በማሸጋገር ሙያ አድካር የሚባል ባለ አምስት ደረጃ መንገድ አለ። ሰው መጀመሪያ ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ ይረዳል፤ ከዚያ ይፈልገዋል፤ ከዚያ አሠራሩን ያውቃል፤ ይካንበታል፤ በመጨረሻ ይጸናበታል። ሥልጠና ሦስተኛው ላይ ነው የሚመጣው። እናንተ ከሦስተኛው ነው የጀመራችሁት። «ለምን» ለሚለው ደግሞ መልስ አለሽ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም፣ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም ከመጡ ወዲህ ደንበኛው ሳይሰለፍ ብር መላክ ለምዷል። በ2017 ዓ.ም ፓርላማው ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ይህን ስታስረጂ ግን «ሥራዬስ?» ማለታቸው አይቀርም። አለቆችሽ ያልወሰኑትን ነገር ቃል አትግቢ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፊኬት ለመፈተን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፕሮጀክት በመምራት የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል። አንቺ ገና ስለጀመርሽ ልምዱ አይሞላልሽም። ካፕም የሚባለው የጀማሪዎች ሰርተፊኬት ግን የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃል። እኔ ብሆን ዘንድሮ እሱን እይዝ ነበር። ኤምቢኤ በማታ ከሆነ መልካም፤ ለእሱ ብለሽ ሥራሽን ግን አትልቀቂ። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት መማሪያ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

ዛሬውኑ መመዝገብ ጀምሪ። በየቅርንጫፉ በቀን ስንት ፎርም ይሞላል? አንድ ደንበኛ ስንት ደቂቃ ይቆማል? ከስድስት ወር በኋላ ያው ቁጥር ስንት ሆነ? ነገ ሲቪሽ ላይ የሚነበበው ይኸው ነው። ባንክም ሆነ ቴሌኮም ወይም ኢንሹራንስ የለውጥ ሥራ የሚመራ ሰው ሲቀጥር ይህን ይጠይቃል።

ሰኞ ግን ሰልፍ ከሚበዛበት ቅርንጫፍ ጀምሪ። ላፕቶፕሽን ቢሮ ተዪው። ከአንጋፋዋ ካሸር ጎን ወንበር ስበሽ፣ በር ከሚከፈትበት ሒሳብ እስኪዘጋ ተቀመጪ። ፎርሙን ለምን እንደምታስሞላ ጠይቂያትና እስክትጨርስ ስሚያት።