ሐውልት ሽፋሽፍት ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። አሁን እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ ብሌንደር የሚባለውን የስሪዲ (የሦስት ገጽታ ቅርጽ) መሥሪያ ፕሮግራም በራሴ እማራለሁ። በቅርቡ አዲስ አበባ ላለ አንድ ስቱዲዮ የስሪዲ ሥራ አመልክቼ ነበር። ዋናው የላክሁት ሥራ የአንድ አርበኛ የድንጋይ ሐውልት ነው፤ ጎፈሬ፣ ሸማና ጦር ያለው። ‹ግራጫ ቀለም የተቀባ ሰው ይመስላል› ብለው በአንድ መስመር መለሱልኝ። ድንጋዩን አሥር ጊዜ ቀያየርኩት፣ ለውጥ የለም። እናቴ ‹ይሄን ነገር ተዪና ባንክ ተወዳደሪ› ትለኛለች። ልተወው? ምስሉንና ሲቪዬን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አትተይው። ባንኩንም አትተይው። ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ፣ ፈተናውንም ተፈተኚ። እናትሽ ያሉት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ እሳቸው ያውቁታል። ማታሽን ግን ለማንም አትስጪ።

አሁን ወደ አርበኛሽ እንምጣ። ምስሉን ከፍቼ ደጋግሜ አየሁት። ወደዚህ የማማከር ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ የአርክቴክት ቢሮ ውስጥ ሬንደር፣ ማለትም ከኮምፒውተር ቅርጽ የሚወጣ ምስል፣ እያወጣሁ ዓመታት ቆይቻለሁ። ስለዚህ «ጎበዝ፣ በርቺ» ብዬ ብቻ አላልፍሽም። ስቱዲዮው እውነቱን ነው። ግራጫ ቀለም የተቀባ ሰው ነው። አንድ መስመር ብቻ መጻፋቸው ያናድዳል፣ ይገባኛል። ግን ብዙ አመልካች ያቺኑ አንድ መስመር እንኳ አያገኝም።

አሥር ድንጋይ ቀያይረሻል። አሥሩንም ያለበስሽው ያንኑ ሰውዬ ነው። ሰውዬው ደግሞ ሽፋሽፍት አለው! ፊቱን አቅርቤ ሳየው የዓይኑ ፀጉር እንደ መርፌ ተደርድሯል። ግራጫ መርፌ። ማን በመሮ ፈልፍሎ ያወጣለታል? ዓይኑ ላይ ያቺ እርጥብ የምትመስል ስስ ሽፋን አልተነሳችም፣ ብልጭ ትላለች። አፍንጫው ላይ የቆዳው ቀዳዳ ሳይቀር ይቆጠራል። ተመልካች መጀመሪያ የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ «ሰው ነው» ብሎ ጨርሷል።

ስለዚህ ለጊዜው ቴክስቸር የሚባል፣ ቅርጹ ላይ የሚለበስ የድንጋይ ምስል፣ እርሺ። ሁሉንም አጥፊና ተራ ግራጫ አድርጊው። እንደዚያ ሆኖ ሐውልት ካልመሰለ፣ የዓለም እብነ በረድ ቢጫንበት አይመስልም።

ከዓይኑ ጀምሪ። የዲጂታል ሰው ዓይን ብዙ ቁራጭ ነው፤ ኳሱ አለ፣ ላዩ ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን አለ፣ ሽፋሽፍቱ አለ። ኳሱን ብቻ አስቀሪ። የዓይን ቆቡን ጠርዝ ወፈር አድርጊው፣ ድንጋይ እንደ ወረቀት አይሳሳም። ብሌኑን ወይ ባዶ ትተዪዋለሽ፣ ወይ ትቆፍሪዋለሽ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ሐውልቶቻቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ዓይኑም የሚሣለው በቀለም ነበር። ዛሬ ባዶ ነጭ ዓይን የምናየው ቀለሙ ስለለቀቀ ነው። ከንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ130 ገደማ ጀምሮ ግን የሮም ቀራጮች ብሌኑን በመሰርሰሪያ መቆፈር ያዙ። ጉድጓዱ ጥላ ይይዛል፣ ጥላው ከሩቅ ጥቁር ብሌን ይመስላል። አርበኛሽ አሻግሮ የሚያይ ሰው ነውና እኔ ብሆን እቆፍረው ነበር።

ቀጥሎ ጎፈሬው። እያንዳንዷን ፀጉር ለብቻዋ አብቅለሻታል። ብዙ እንደደከምሽበት ያስታውቃል፤ ላፕቶፕሽም ሳይንቃቃ አልቀረም። ይጣል። አዝናለሁ፣ ግን ይጣል። ድንጋይ ላይ ጎፈሬ አንድ ትልቅ ክምር ነው። ቅርጹን እንደ ጭቃ የምትጎነጉኚበት ስከልፕት ሞድ ገብተሽ መጀመሪያ ክምሩን ሥሪ፣ ከዚያ ጥልቅ ጥልቅ ጉድጓድ እዚህም እዚያም ውጊ። ፀጉር የሚያስመስለው ጥላው ነው። አዲስ አበባ ስትሄጂ አምስት ኪሎ አካባቢ ያለውን የካርል ማርክስ ሐውልት ጎራ ብለሽ እዪው። እ.ኤ.አ. በ1984 የቆመ ቀይ ግራናይት ነው። የሰውዬውን ፂም ታውቂዋለሽ፣ ጫካ ነው። ድንጋዩ ላይ ግን አንድም የፂም ዘለላ ለብቻዋ ቆማ አታገኚም። ቅንድብም እንዲሁ ነው፤ ከፍ ያለ ጠርዝ ብቻ ይበቃዋል።

ጦሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም በዚሁ ስለተዋረድኩ። አንድ ጊዜ ግቢ በር ላይ የሚቆም የድንጋይ አንበሳ ሬንደር እንዳወጣ ታዘዝኩ። ጅራቱን ወደ ላይ ቆልምሜ እንደ ጅራፍ አየር ላይ ለቀቅኩት። በጣም ኮርቼበት ነበር። የሚጠርቡት ሽማግሌ ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ጅራት መኪና ላይ ሳይጫን ይወድቃል» አሉኝ። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲያጎብጡት ግን ቀጭ ነው። ጅራቱን ከታፋው ጋር አጣበቅነው። የሚገርመው፣ ያኔ ነው አንበሳው ገና በወረቀት ላይ ድንጋይ መምሰል የጀመረው።

ማይክል አንጄሎ እንኳ ከዚህ ሕግ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. ከ1501 እስከ 1504 የቀረጸው ዳዊት 5.17 ሜትር ይቆማል፤ ከቀኝ እግሩ ኋላ የዛፍ ጉቶ አለ። ጉቶው ለጌጥ አልቆመም፣ ክብደት ይሸከማል። ያንቺ አርበኛ ግን እንደ ጣት የቀጠነ የድንጋይ ጦር ሽቅብ ሰብቆ በአንድ እግሩ ሊራመድ ነው። ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም «ይሄ ድንጋይ አይደለም» ይላል። ጦሩን መሬት አስነኪው፣ ከትከሻውና ከእግሩ ጋር አያይዢው። ወይ ደግሞ ከብረት ተሠርቶ በኋላ እጁ ላይ የተሰካ አድርጊው፤ እንዲህ የሚሠሩ ቀራጮች አሉ። ከእግሩ ኋላም አንድ ነገር ይቁም፤ ጋሻ ቢሆን ያምርበታል።

ሸማው ነፋስ የያዘው ይመስላል፣ በሸማውና በጀርባው መሃል ብርሃን ያልፋል። ያንን ክፍተት ድፈኚው። እስቲ ቤታችሁ ያለውን የጅማ በርጩማ ገልብጠሽ እዪው። ሦስቱ እግሮች ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበት ቦታ መገጣጠሚያ የለውም፤ ከአንድ ግንድ ነው የተፈለፈለው። ሐውልትሽም እንደዚያ መሆን አለበት። አሁን አካሉ ለብቻ፣ ልብሱ ለብቻ፣ መቀነቱ ለብቻ ነው። ሸማው ውፍረት ስለሌለው መጀመሪያ በሶሊዲፋይ፣ ውፍረት በሚሰጠው መሣሪያ፣ አወፍሪው። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ አድርገሽ ቮክሰል ሪሜሽ ሥሪበት፤ ቅርጹን ከትንንሽ ኩቦች አንድ ወጥ አድርጎ እንደገና ይሠራዋል። ለሁለት ሜትር ሐውልት የ5 ሚሊ ሜትር ኩብ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ፊቱን ኋላ በጥራት ትሠሪዋለሽ። ሪሜሹ ትንንሹን ዝርዝር ይበላዋል። ይብላው፣ የቆዳው ቀዳዳም አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስደነግጥሻል። ሪሜሽ ስትሠሪ ዩቪሽ፣ ቴክስቸሩ ቅርጹ ላይ የሚለጠፍበት ካርታ፣ ይጠፋል። ተመስገን በዪ። እስከ ዛሬ ድንጋዩ ውሸት የሆነበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ምስሉን አጉልተሽ ከጆሮው ጀርባና ከአንገቱ ሥር እዪ፤ የእብነ በረዱ ጅማት መንገድ ላይ ተቆርጦ በሌላ አቅጣጫ ይቀጥላል። ዩቪ ለቆዳ የተሠራ ነው፣ እንደ ልብስ ስፌት አለው። የድንጋይ ጅማት ግን በአካሉ ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ አፍንጫ ይሁን ክንድ አይለይም። ቴክስቸር ኮኦርዲኔት ከሚለው ኖድ (ሳጥን) ‹ኦብጀክት›ን ከኖይዝ ቴክስቸር ጋር አገናኚ። በቃ፣ ጅማቱ ፊትን ቆርጦ ማለፍ ይጀምራል። መጠኑንም ተጠንቀቂ። ጅማቱ ወይም ነጠብጣቡ ከገዘፈ የሁለት ሜትር ሐውልት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ይሆንብሻል።

የትኛው ድንጋይ? ነጭ እብነ በረድ ሁሉም ይሠራል። እኔ ብሆን ጥቁሩን፣ ኮብልስቶን የሚጠረብበትን ባዛልት እይዝ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጪ ድንጋይ የሚጠርቡ ልጆች ካገኘሽ ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ቁሚ። መዶሻው ያረፈበት ቦታ ነጣ ይላል፣ የተፈነከተ ይመስላል። ሽራፊው የሚነሳው እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ነው። የድንጋዩ ወለል ለጥ ያለ አይደለም፤ በትንንሽ ገጾች ተሰባብሯል። ይህን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ካስፈቀድሽ በኋላ። ከኢንተርኔት ካወረድሽው አሥር ቴክስቸር ይበልጥብሻል። ባዛልት ከመረጥሽ ሰብሰርፌስ የሚባለውን፣ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ቅንብር፣ ዜሮ አድርጊው። ብርሃን ትንሽ ወደ ውስጥ የሚያስገባው እብነ በረድ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ አያስገባም። አሁን ጆሮው ላይ የሚታየው የሻማ ዓይነት ብርሃን የመጣው ከዚያ ነው።

የመጨረሻው ዝናብ ነው። የጅማ ልጅ ስለ ዝናብ አይነገራትም፤ ግን አርበኛሽ ላይ አንድም ጠብታ አልወረደም። ውጭ የቆመ ድንጋይ ላይ ውኃ ከአገጭ፣ ከክርን፣ ከሸማው ጫፍ እየተንጠባጠበ መስመር ያሰምራል። እርጥቡ ጎን የድንጋይ ሽበት ያወጣል። ስርጉዱ ይጠቁራል፣ ሰው የሚነካው ጉልበት ይለሰልሳል። ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ሬንደር ማውጫ ላይ ስርጉዱን በአምቢየንት ኦክሉዥን፣ ወጣ ያለውን ጠርዝ በፖይንቲነስ ለይተሽ ታገኚዋለሽ። ብርሃኑን ደግሞ ከጎን፣ ዝቅ አድርገሽ ስጪው፣ እንደ ማለዳ ፀሐይ። ከፊት ለፊት የበራ ድንጋይ ሁሉ ካርቶን ነው።

ስለ ሥራ ፍለጋው ደግሞ አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ሲቪሽ ላይ «ሙሉ በሙሉ በራሴ የተሠራ» ብለሻል። አካሉ ዝግጁ የሰው አካል ከሚያወጣው ሜክሂውማን ከሚባል ፕሮግራም የወጣ ነው፣ ጆሮውን አይቼ አወቅኩት። ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ሰው ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ከሜክሂውማን የወጣን ሰው መጠቀም አልተከለከለም፣ አያሳፍርምም። የሚያሳፍረው መደበቁ ነው። አንድ ቀን ሥራው ላይ ብትቀመጪና «እስቲ ሌላ ፊት ከባዶ ሥሪ» ቢሉሽስ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መነሻው ይህ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው ብለሽ ጻፊ።

ቀጣሪ ቆንጆ ሥዕል አይቶ ብቻ አይቀጥርም፤ እንዴት እንዳሰብሽ ማየት ይፈልጋል። አራት ምስል ላኪ፦ መነሻውን ሰው፣ ተራ ግራጫውን፣ ቅርጹ የተሠራበትን የመረብ መስመር የሚያሳየውን፣ የተጠናቀቀውን። አንድ ፊትን ከቅርብ ጨምሪ። ስንት ቀን እንደፈጀብሽም ጻፊ። ከአሥር የተጀመረ ሥራ ይልቅ ይህ አንድ ይሻልሻል። ስድስት ሳምንት ስጪው። መብራት ስለሚጠፋ በየደረጃው ሴቭ አድርጊ። ላፕቶፕሽ ካልቻለ ሳምፕሉን (የምስሉን የብርሃን ናሙና ብዛት) ቀንሰሽ ነጠብጣቡን የሚያጸዳውን ዲኖይዝ ተጠቀሚ፣ ማንም አይቆጥርብሽም።

ከዚያ ለዚያው ስቱዲዮ መልሰሽ ጻፊ። አጭር ይሁን፦ «ባለፈው ግራጫ ቀለም የተቀባ ሰው ይመስላል ያላችሁትን ሐውልት እንደገና ሠርቼዋለሁ። መነሻው አካል ከሜክሂውማን ነው፤ ፀጉሩ፣ ልብሱ፣ አቋቋሙና ድንጋዩ የእኔ ነው። አስተያየታችሁ ጠቅሞኛል፣ አመሰግናለሁ።» ሥራ እንዲሰጡሽ አትለምኚ። ምስሉ ይናገር።

እውነቱን ለመናገር ጅማ ውስጥ ዲጂታል ሐውልት እየሠራሽ ደመወዝ የሚከፍልሽ ቢሮ አላውቅም። ይህ ሥራ የሚያስገባሽ በሌላ በር ነው፦ የሕንፃ ሬንደር የሚያወጡ አርክቴክቶች፣ ማስታወቂያ ሠሪዎች፣ አኒሜሽን ቤቶች። እነሱ የሚፈልጉት ድንጋይን ድንጋይ፣ እንጨትን እንጨት የሚያስመስል ዓይን ነው። እስከዚያው ግን እዚሁ አንድ ነገር ሞክሪ። የመቃብር ሐውልት የሚሠሩ ሰዎች ደንበኛ ሲመጣባቸው በቃልና በእጅ ንድፍ ነው የሚያስረዱት። ደንበኛው በኋላ «እንዲህ መስሎኝ አልነበረም» ይላል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ድንጋዩ ሳይቆረጥ ምስሉን የምታሳይ ልጅ ብትኖር ይጠቅማቸዋል። የመጀመሪያውን በነፃ ሥሪላቸው፣ ሁለተኛውን በገንዘብ። በዚያውም ድንጋይ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚነግሩሽ ሰዎች አጠገብ ትቀመጫለሽ። ይከፍሉኛል ብለሽ ግን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እንዳትለቂ።

ተራ ግራጫውን ስትጨርሺ፣ ድንጋይ ሳታለብሺው ላኪልኝ። ሽፋሽፍቱን ግን ዛሬ ማታ አጥፊው።